ኅዳጉ ላይ የጻፍሽው

ውድ እህት ዓለሜ፣

ደብዳቤ በጤና ጥያቄ ይጀመራል፤ እኔ ግን ዛሬ ወግ የምጠብቅበት ትዕግሥት የለኝም። ጋሪ ነጂው የልብስ ማጠቢያው በር ላይ ተቀምጦ ምሳውን እየበላ ነው። "በልቼ ስነሳ ደብዳቤሽ ካልደረሰ ጥዬው ነው የምሄደው" ብሎኛል። ደግነቱ ሲበላ የሚቸኩል ሰው አይደለም፣ እኔም የራሴን ምሳ ጨምሬለታለሁ።

መጀመሪያ ሆድሽን አሳርፊ፤ ወሬው ደግ ነው። ምን ያህል ደግ እንደሆነ ግን በተራው ነው የምነግርሽ። ወደ መጨረሻው ገጽ እንዳትዘዪ። አውቅሻለሁ፣ አንቺ ተረት እንኳ ሲነገርሽ "በኋላስ ዳነ ወይስ ሞተ?" እያልሽ ነው የምታቋርጪው።

እመቤትሽ በድንገት "ወደ እርሻው ቤት እንሄዳለን" ብላ ከሻንጣዎቹ ጋር ጋሪ ኋላ የጫነችሽ ሰኞ፣ የቆሸሸውን ልብስ ልቀበል ደጃችሁ ቆሜ ነበር። ቅርጫቱን ስትሰጪኝ ዓይንሽን ወደ ትራስ ልብሱ ጣል አደረግሽ። ገባኝ፤ የማመልከቻችን የመጨረሻው ገጽ እዚያ ነበር። ደህና ሁኚ ለማለት እንኳ ጊዜ አልሰጡንም። አንቺ "ኮሌታው በደንብ ይተኮስ" አልሽኝ፣ እኔ "እሺ" አልኩሽ፣ በቃ። ወደ ማጠቢያው ስመለስ እያለቀስኩ ነበር፣ ይህን ሳልነግርሽ ብቀር ይቆጨኛል።

ሰባት ሳምንት ሙሉ እንዲህ ነበር የጻፍሽው፤ በየሰኞው አንድ ገጽ፣ በጌታሽ የትራስ ልብስ ተጠቅልሎ። እሱ ምክር ቤት ተቀምጦ ባርነት እንዳይቀር ሲሟገት ይውላል፤ ባርነት ይቅር የሚለው ማመልከቻ ደግሞ ጭንቅላቱን ባሳረፈበት ጨርቅ ተጠቅልሎ ከቤቱ ይወጣል። ይህን ባሰብኩ ቁጥር መተኮሻዬን እንደያዝኩ ብቻዬን እስቃለሁ፤ አብረውኝ የሚተኩሱት ሴቶች "ይቺ ልጅ ለየላት" ይላሉ።

የማኅበራችን ሴቶች ምክር ቤት ገብተሽ አንቢው ያሉኝ ደፋር ስለሆንኩ እንዳልሆነ ታውቂያለሽ። ከሁለታችን ነፃ የሚል ወረቀት ያለኝ እኔ ነኝ፣ እሱ ብቻ ነው ምክንያቱ። ፊደል የቆጠረ ባሪያ ወደ ሩቅ አገር እንደሚሸጥ ሁለታችንም እናውቃለን፣ ስለዚህ ስምሽ የትም ገጽ ላይ አልነበረም። አንቺ ግን አመሌን ስለምታውቂ ኅዳጉን ሁሉ በምክር ሞላሽው። እዚህ ጋ እንዲህ አድርጊ፣ እዚያ ጋ እንዲያ አታድርጊ፤ አማት እንኳ ምራቷን እንዲህ አትመክርም።

አዋላጇ እማማ ገጾቹን አይተው "ይሄንን በንጹህ ወረቀት ገልብጪው" ብለውኝ ነበር። የሴቶቹ ማኅበር መሪ እሳቸው ናቸው፣ ቃላቸውን የሚጥስ የለም። እኔ ግን እምቢ አልኩ። አንባቢዋ እኔ፣ ምክሩም ለኔ፣ ምን ቸገረኝ? እውነቱን ልንገርሽ ካልሽ ደግሞ፣ እዚያ አዳራሽ ውስጥ የሚገባው ያንቺው የእጅ ጽሑፍ እንዲሆን ፈልጌ ነው። በልብስ ምልክት ላይ ጣቴን እያስኬድሽ ፊደል ያስቆጠርሽኝ አንቺ ነሽ፣ ጽሑፍሽን ደብቄ የኔን ላሳይ? ጥፋቴ እንግዲህ ይሄ ነው።

ማክሰኞ ጠዋት ያለኝን አንድ ጥሩ ቀሚስ ለብሼ ሄድኩ። ገና ከአዳራሹ በር ሰብሳቢው ራሱ አስቆመን። ታውቂው የለ፣ ከእናቱ ቃል ይልቅ የደንቡን መጽሐፍ የሚያምን ሰው ነው። "ሴት በምክር ቤት ፊት ድምፅዋን አታሰማም፤ ደንብ ነው" አለ። እማማ "ታዲያ ማመልከቻችንን ማን ሊሰማልን ነው?" ቢሉት፣ "ማመልከቻ መስማት ግዴታችን ነው፣ ይሰማል። ወንድ ያንብበው። ድምፅ የሚሰጠው ግን አባል ላቀረበው ሐሳብ ብቻ ነው፤ የእናንተ ተሰምቶ ወደ መዝገብ ቤት ይገባል" አለን። መዝገብ ቤት ማለት አይጥ የሚያነብበት ክፍል ነው።

ወንድ ፈልገን ዞር ስንል በኮሪደሩ ላይ የነበረው ለፋፊው ብቻ ነው። አዋጅ ወጥቶ እስኪሰጠው ግድግዳ ተደግፎ ያንቀላፋል። ለፋፊውን መቼም አገር ያውቀዋል፤ ሠላሳ ዓመት ሲለፍፍ ከተጻፈው አንዲት ቃል ጥሎ አያውቅም። ፍየሉ የጠፋችበት ሰውዬ ማስታወቂያ መሀል ላይ "ቆይ ቀለም ልጨምር" ብሎ ጽፎ ኖሮ፣ እሱንም በአራቱም ማዕዘን ለፍፎታል። ወረቀቱን ተቀበለኝ፣ በሁለት እጁ ዘረጋውና "ጽሑፉ ያምራል" አለኝ። ደስ አለኝ፣ ደስታዬ ደግሞ ማሰብ ከለከለኝ።

ኅዳጉ ትዝ ያለኝ ሰገነቱ ላይ ወጥተን ከተቀመጥን በኋላ ነው። ወደ ታች ልጮህ አልችልም፣ ልወርድም አልችልም። የእማማን ክንድ ያዝኩና "ጉዳችን ፈላ" አልኳቸው። ለፋፊው መሀል አዳራሹ ላይ ቆሞ ደረቱን ነፍቷል።

"ስሙ! የሰማችሁ ላልሰማ አሰሙ!"

"እዚህ ሁላችንም እንሰማለን" አለ ሰብሳቢው።

"ልማድ ነው፣ ክቡርነትዎ።" ከዚያ ጀመረ። "ክቡራን ሆይ፣ ዛሬ ጠዋት የለበሳችሁትን ልብስ ያጠቡትና የተኮሱት ሰዎች የሚሉትን ስሙ። የአንገታችሁን ንጣት ያመጣው የማን እጅ እንደሆነ የምታውቁ ጥቂቶች ናችሁ። እዚህ ላይ ውሃ ጠጪ። አንቺ ስትፈሪ ጉሮሮሽ ይደርቃል።"

ድምፁን እንኳ ዝቅ አላደረገም፣ በዚያው በአዋጅ ድምፅ ነው ያለው። ከወዲያም ከወዲህም ሳቅ ተሰማ። ሰብሳቢው ጠረጴዛውን መታ።

"ምንድን ነው ይሄ?"

"የተጻፈ ነው፣ ክቡርነትዎ።"

"ኅዳጉን ተወውና ዋናውን ብቻ አንብብ።"

ለፋፊው ተቀየመ። "ክቡርነትዎ፣ ዋናውንና ዋና ያልሆነውን የምለየው እኔ ከሆንኩ፣ ነገ የናንተንም አዋጅ ገበያ ላይ እየለየሁ ነው የማነብላችሁ። ወይ ሁሉን አነባለሁ፣ ወይ ሌላ ሰው ፈልጉ።"

ሰብሳቢው በአዋጆቹ አይቀልድም። "ቀጥል" አለ። ጸሐፊውም የሰማውን ሁሉ እየጻፈ ተከተለው፣ ውሃውንም ጭምር።

"ሰው ሲወለድ ዋጋ ተለጥፎበት አይወለድም፤ ሁላችሁንም ያዋለደችው ትመስክር። እዚህ ላይ ወደ እማማ አትዪ፣ ያስለቅሱሻል። አታልቅሺ። ካለቀስሽ ያው ሴት ናት ብለው ምሳቸውን ማሰብ ይጀምራሉ።"

ፊት ለፊት የተቀመጠው ሰውዬ ያወጣውን የኪስ ሰዓት ቀስ ብሎ መለሰው። እኔ በበኩሌ ምክርሽን ረስቼ ወደ እማማ ዞሬ ነበር፣ እሳቸው በሳቅ ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል። አንድ ገጽ እንዲህ አለፈ፣ ሁለት አለፈ። ይገርምሻል፣ የሚስቁበትን ለመስማት ሲሉ ቁም ነገሩንም ይሰሙ ጀመር። እኔ በቀጭን ድምፄ ባነበው ግማሹ ያንቀላፋ ነበር።

ሦስተኛው ገጽ ላይ ግን ነገሩ ተበላሸ። "አራተኛው ወንበር ላይ ያለው ጌታዬ ነው" አለ ለፋፊው። "ፊቱን አይተሽ እንዳትደነግጪ። ጆሮውን ከጎተተ እየሰማ ነው ማለት ነውና አታቁሚ።"

ሰው ሁሉ ወደ አራተኛው ወንበር ዞረ። ጌታሽ የቀኝ ጆሮውን በሁለት ጣቱ ይዟል። እንደያዘው ቀረ፤ ቢለቀውም ጉድ፣ ባይለቀውም ጉድ። አዳራሹ በሳቅ ተናጋ፣ እኔ ግን አልሳቅኩም። አሁን አወቀ፣ ነገ ይሸጣታል፣ እኔው በገዛ እጄ ሸጥኳት አልኩ። እህት ዓለሜ፣ በሕይወቴ እንደዚያች ደቂቃ ራሴን የጠላሁበት ጊዜ የለም።

ጌታሽ ተነሳ። ፊቱ ቲማቲም መስሏል። "ይቺ የኔ ባሪያ ናት" አለ። "ፊደል መቁጠሯን በኋላ እደርስበታለሁ። ነገር ግን ባሪያዬ የሠራችው ሁሉ የኔ ነው። ሕጉ ግልጽ ነው፣ የጋገረችውም የሰፋችውም የጻፈችውም የኔ ነው። ይሄ ወረቀት ንብረቴ ነውና ይመለስልኝ።"

ሳቁ ቆመ። ሕጉን ሁሉም ያውቀዋል፣ ሁሉም ተጠቅሞበታል። ጸሐፊው መጽሐፉን ገለጥ ገለጥ አደረገና "እውነት ነው" አለ። ለፋፊው ወረቀቱን መጠቅለል ጀመረ። ያን ጊዜ አጠገቤ የነበረው ወንበር ተንቋቋ፤ እማማ ቆመዋል።

"ክቡር ሰብሳቢ፣ አንድ ነገር ግራ ገባኝ።"

"እማማ፣ ሴት እዚህ ድምፅዋን አታሰማም ብያለሁ።"

"ልጄ፣ አንተ በእግርህ ስትመጣ ያዞርኩህ በእጄ ብቻ መሰለህ? ሌሊቱን ሙሉ እናትህን አይዞሽ ስል በድምፄም ነው። ያኔ ዝም ብል ኖሮ ዛሬ ዝም በይ የሚለኝ ማን ነበር?"

ሰብሳቢው በእግሩ ሊወለድ እንደነበር ምክር ቤቱ እንዲያውቅለት አልፈለገም መሰለኝ። "በአጭሩ ይሁን" አለ።

"በጣም አጭር ነው። ጽሑፉ የእሳቸው ንብረት ከሆነ ቃሉም የእሳቸው ነው። እንግዲያው ባርነት ይቅር የሚሉት እሳቸው ናቸው። እሳቸው ደግሞ አባል ናቸው። አባል ያቀረበው ድምፅ ይሰጥበታል ብለህ ጠዋት በር ላይ ነግረኸኛል። ያልገባኝ፣ ድምፁን የምትሰጡት ከምሳ በፊት ነው ወይስ በኋላ?"

እማማ ይህን ብለው ቁጭ አሉ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፣ ጌታሽ ቃሉን ሮጦ ሊይዘው ቢሞክርም አልሆነለትም። ሰብሳቢው መነጽሩን አደረገ፣ ደንቡን ገለጠ፣ ሁለት ጊዜ አነበበ። ከዚያ ወደ ጌታሽ ዞሮ "ክቡር አባል፣ ቃሉ የእርስዎ ነው ወይስ የባሪያዋ?" አለው።

"ወረቀቱ የኔ ነው… ቃሉ ግን…"

"ቃሉ የእሷ ከሆነ ባሪያ የራሷ የሆነ ነገር አላት ማለት ነው። እንደዚያ ተብሎ ይጻፍ?"

"አይጻፍ!"

"እንግዲያው የእርስዎ ነው?"

ጌታሽ ዙሪያውን አየ። ኩራቱን ታውቂዋለሽ። የኔ ባሪያ የራሷ ነገር አላት ብሎ በሰው ፊት ከሚናገር ምላሱ ቢቆረጥ ይመርጣል። "የኔ ነው!" ብሎ ጮኸ። ጸሐፊው ብዕሩን ነከረና ጻፈ፤ በክቡር አባል የቀረበ። ለፋፊው የጠቀለለውን ፈታ።

የመጨረሻውን ገጽ ሲያነብ ማንም አልሳቀም። "ነፃ የወጣች ሴት በማንም ወንድ እጅ ሥር አትመዝገብ። ራሷ ቆማ፣ በራሷ ቃል፣ ስሟን ታስጽፍ።" ይህን መጨረሻ ላይ እጽፋለሁ ብለሽ ቀድመሽ የላክሽብኝ ሳምንት የመለስኩልሽ ትዝ ይለኛል፤ በዛ፣ አንድ አንዱን እንለምን፣ ሁለቱን ከጠየቅን ሁለቱንም እናጣለን ብዬሽ ነበር። ይቅር በይኝ። ስድስት ዓመት ነፃ ነኝ ስል የኖርኩት ወረቀቴ ላይ "በልብስ ማጠቢያው ባለቤት እጅ ያለች" ተብሎ ተጽፎ ነው። ባለቤቱ ክፉ ሰው አይደለም፣ ሰነፍ ነው። አንዲት ክፍል ልከራይ ፊርማውን ስጠይቀው ሦስት ሳምንት አመላልሶኛል፣ ቤቷን ሌላ ሰው ገባባት። ለምጄው ነበር። አንቺ ግን በሚቀጥለው ሰኞ "ከአንድ እስር ቤት ወጥቼ የሌላውን በር አላንኳኳም" ብለሽ ላክሽብኝ፣ እኔም አፍሬ ክርክሬን ተውኩ።

ኅዳጉ ላይ ከታች የጻፍሽውንም አነበበው። "እዚህ ስትደርሺ ጨርሰሻል። ቢሆንም ባይሆንም ኮርቼብሻለሁ። ውጪና ንፋስ ተቀበዪ።" ለፋፊው እዚህ ላይ ጉሮሮውን ጠራረገ። በሠላሳ ዓመት እንዲህ ሲያደርግ ያየ የለም።

ድምፅ ተሰጠ። ሁሉም በደግነት እጁን አነሳ ብዬ አልዋሽሽም። ድሮም የሚደግፉን ነበሩ፣ ሰው እንዲነሳላቸው ብቻ ይጠብቁ ነበር። አንዳንዱ ደግሞ የጌታሽን ፊት ለማየት ሲል ነው ያነሳው። ጌታሽ ራሱ ባቀረበው ሐሳብ ላይ ተቃውሞ ተቀመጠ። አንድ ሰው "ከፍለን ድምፅ እንስጥ፣ የሴቶቹ ነገር ይቆየን" ብሎ ነበር፤ ሰብሳቢው "የቀረበው አንድ ጽሑፍ ነው፣ ባለቤቱ ካልቆረጠው እኔ አልቆርጠውም" አለው። ባለቤት ተብዬው ግን መስኮት መስኮቱን ያያል። ሰብሳቢው እጆቹን ቆጠረ፣ ደግሞ ቆጠረ። በሁለት እጅ በለጥን።

ነፃ ነሽ። ነፃ ነሽ፣ እህት ዓለሜ። አንቺም፣ ከአንቺ ጋር ጋሪ ኋላ የተጫነችው ወጥ ቤቷም፣ በየቤቱ ያሉት ሁሉ። ሁለት ጊዜ የጻፍኩት ለራሴም ስለማይመስለኝ ነው።

ሌላም ልንገርሽ። ጸሐፊው የተነበበውን ሁሉ ጽፎ ስለነበር፣ ድምፅ የተሰጠበትም ያው ሁሉ ስለሆነ፣ ምክርሽ እንዳለ ሕግ ሆኖ ወጥቷል። "እዚህ ላይ ውሃ ጠጪ" አሁን የአገር ሕግ ነው፣ ማኅተም አለበት። ሰብሳቢው ሊያስወጣው አስቦ ደንቡን ቢያይ፣ ለመሰረዝ እንደገና ስብሰባ ያስፈልጋል ይላል፤ ስብሰባ ከተጠራ ደግሞ ጌታሽ ሌላውንም ይነካካል ብሎ ተወው። "አታልቅሺ" የሚለውን አንቀጽ ግን ገና አዳራሹ ደጃፍ ላይ ጣስኩት፣ እማማም አብረውኝ ጣሱ። የሚያስረን አልተገኘም።

ትናንት ስሜን ላስጽፍ መዝገብ ቤት ሄድኩ። መዝጋቢው ዓይኑን ከኋላዬ ላከ፣ ወንድ ፍለጋ።

"ማን ይዞሽ መጣ?"

"እግሬ።"

ሳቀ፣ ጥሩ ሰው ነው። ብዕሩን አነሳና "ስም?" አለኝ። ይህን ለማንም ነግሬ አላውቅም፤ የምትጠሪኝ ስም ከኔ በፊት እዚያ ቤት ለነበረችው ባሪያ የወጣ ነው። እሷ ስትሞት ልብሷንና ስሟን አንድ ላይ ሰጡኝ። ልብሱ ሰፍቶኝ ነበር፣ አጠበብኩት። ስሙን ምን ላድርገው? ከኋላዬ ሰልፉ በር ድረስ ደርሷል። ሁሉም ሴቶች ናቸው፣ አንዷም ቶሎ በይ አላለችኝም። መዝጋቢውም ብዕሩን አስቀምጦ ጠበቀኝ። ከዚያ አንድ ስም ከአፌ ወጣ። ጻፈው፣ አሳየኝ፣ ፊደሉን አንድ በአንድ አየሁት። ልክ ነበር።

ጋሪ ነጂው እጁን እየታጠበ ነው፣ ልጨርስ። ለፋፊው አብሮት እየመጣ ነው፤ አዋጁን እመቤትሽ ደጃፍ ላይ ነው የሚለፍፈው፣ እሱ ከለፈፈ አልሰማሁም ማለት የለም። ከዚያ ዕቃሽን ይዘሽ ጋሪው ላይ ውጪ። ኋላ እንዳትቀመጪ፤ ከነጂው ጎን ነው ቦታሽ፣ ነግሬዋለሁ። ጌታሽን አትፍሪው። ከማክሰኞ ወዲህ ከቤት አልወጣም፣ መንገድ ላይ ያገኘው ሁሉ ባርነትን ስላስቀሩልን እናመሰግናለን እያለ እጁን ይጨብጠዋል።

መንገዱ ሁለት ቀን ነው፣ ስምሽን አስቢበት። እመቤትሽ ያወጣችልሽን ጥዬ እህት ዓለሜ ብዬ የጀመርኩት ለዚህ ነው፤ በዚያ ልጠራሽ እጄ እምቢ አለኝ። እኔ አልመርጥልሽም፣ እማማም አይመርጡልሽም። ካልመጣልሽ አትቸኩይ፣ መዝጋቢው ይጠብቃል፣ ሰልፉም ይጠብቃል። የኔን እዚህ አልጽፍልሽም። መጀመሪያ አንቺ የራስሽን ትነግሪኛለሽ፣ ቀጥሎ እኔ የኔን እነግርሽና እንደ አዲስ እንተዋወቃለን።

ማጠቢያው በር ላይ ቆሜ የምጠብቅሽ፣
ጓደኛሽ